እናቴ ያየችው ቅርንጫፍ

በእኛ አገር የታመመ ሰው ራሱ አይናገርም፤ አስታማሚው ይናገርለታል። ሐኪሙ "የት ነው የሚያምዎት?" ሲል በሽተኛዋ ወደ ትልቁ ልጇ ትዞራለች፣ ልጅየው ጉሮሮውን ጠርጎ "ወገቧን ነው" ይላል። ጎባም ሮቤም ሐኪም ቤት ስመላለስ ያየሁት ሁሉ እንደዚሁ ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ከጎሮ ገጠር የመጣውም ቢሮ የሚውለውም። ክብር ነው ይሉታል። ይሄ ክብር እናቴን ምን እንዳሳጣት ስለማውቅ ቃሉን ስሰማ ቅጥል እላለሁ።

እናቴ ለራሷ መናገር የሚያቅታት ሴት አልነበረችም። ማር ነጋዴ ነበረች። አይሱዙ ላይ ከጭነት ጋር ተሳፍራ፣ የሳነቴን አምባ ብርድ አቋርጣ፣ በሐረና ጫካ ቁልቁል ደሎ መና ትወርድና ማሩን በቆርቆሮ ሞልታ ትመለሳለች። ስኳር የተደባለቀበትን ማር በምላሷ ጫፍ ነክታ ትለየው ነበር። የሚያጭበረብራትን በአማርኛ ትሰድበዋለች፤ ዋጋ መቁረጥ ሲደርስ ግን ወደ ኦሮምኛ ትገባለች፤ ድምፅዋም ይለሰልሳል። ጎባ ገበያ ውስጥ ከእሷ ጋር ተከራክሮ አሸንፎ የሄደ ሰው አላስታውስም።

አባቴ ሲሞት ወንድሜ ገና ዘጠነኛ ክፍል ነበር። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ሽማግሌዎቹ መሐል አቁመውት "ከእንግዲህ የዚህ ቤት አባወራ አንተ ነህ" አሉት። ጢም እንኳ አላበቀለም፤ የለበሰው ኮት የአባቴ ስለነበር እጅጌው ጣቶቹን ሸፍኖ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ትሠራለች፣ እሱ ይናገራል። እድር ላይ እሱ፣ ቀበሌ እሱ፣ የጎረቤት አጥር ሲገፋ እሱ። እያደገ ሲሄድ ንግግሩም አደገ፤ ሮቤ ቢሮ ገባ፣ ከረባት አሰረ። በፊቱ ጋሼ እለዋለሁ፤ በልቤ ግን አፈ ጉባኤያችን ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይሄን ሳልናገር ባልፍ ደግ አይደለም። ግን ሌላ ሰው ሲናገር ማድመጥ የሚባለውን ነገር ማንም አላስተማረውም።

የእናቴ ዓይን ሞራ የጀመረው ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ ማሩን ስትቀዳ ከዕቃው አፍ ውጭ ማፍሰስ ጀመረች። ከዚያ ደንበኞቿን በድምፅ ብቻ መለየት። ጎረቤቶቻችን እርጅና ነው አሉ፣ እኛም እርጅና ነው አልን። እኔ ትዳሬ ፈርሶ ወደ ጎባ፣ ወደ እሷ ቤት የተመለስኩት በዚያን ሰሞን ነው፤ ገበያው አጠገብ አንዲት የልብስ ስፌት ሱቅ ከፈትኩ። ጠዋት ጭጋጉ ሲገፈፍ በር ላይ አስቀምጫት እሄዳለሁ፣ ስመለስ እዚያው አገኛታለሁ። ሁለቱም ዓይኖቿ ነጭ ሆኑ። ቀንና ማታ ትለያለች፣ ሰው ፊቷ ሲያልፍ ጥላው ይሰማታል፣ ሌላ ምንም የለም። ስለ ሌላ ነገር አታማርርም ነበር። አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትፈልገው፤ ገበያ ወርዳ፣ ቆርቆሮዋን ከፍታ፣ የማሯን መልክ በገዛ ዓይኗ ማየት።

ወንድሜ ሮቤ ወዳለ አንድ የዓይን ሕክምና ወሰዳት። እኔም አብሬ ሄድኩ። አንድ አስታማሚ ብቻ ይግባ ስለተባለ እሱ ገባ፣ እኔ በሩን ገርበብ አድርጌ ቆምኩ። ሐኪሙ ሞራው ወፍሮ የዓይኗን ጀርባ ማየት አልቻለም። ከኋላ ያለውን የሚያሳየው መሣሪያ ያን ሰሞን አይሠራም ነበር። ስለዚህ ሐኪሙ አብራው የምትሠራውን ባለሙያ ጠራት። ጎልማሳ ሴት ናት፣ ረጋ ያለች። እስክሪብቶ የምታክል መብራት ከጋውኗ ኪስ አወጣች፣ እናቴን ዓይንዎን ይጨፍኑ አለቻት በአክብሮት፣ መብራቷን በዓይኗ ቆብ ላይ አስቀምጣ ወዲያና ወዲህ ቀስ እያለች ማንቀሳቀስ ጀመረች።

"ማል አርጊቱ፣ ሀዳ ኮ?" አለቻት፤ ቀጥላም በአማርኛ፣ "ምን ይታይዎታል፣ እማማ?"

እናቴ አገጯን ቀና አደረገች። ከንፈሯ ሲከፈት አይቻለሁ። ግን ወንድሜ ቀደማት። ምንም እንደማይታያት፣ ዓይኗ ከጠፋ ዓመታት እንዳለፉት፣ ከብርሃንና ከጨለማ በቀር ምንም እንደማትለይ ዘርዝሮ ተናገረ። ባለሙያዋ እሳቸው ቢነግሩኝ ይሻላል አለችው። ልጇ እኔ ነኝ አላት፣ ቢሮ ውስጥ ባለጉዳይ በሚያናግርበት ድምፅ። ባለሙያዋ እናቴን ደግማ ጠየቀቻት። እናቴ ፊቷን ወደ ወንድሜ ድምፅ አዞረች፣ ከዚያም እሱ እንዳለው ነው ለማለት ራሷን ነቀነቀች። ነገሩ በዚያ አለቀ።

ሐኪሙ በትሕትና አስረዳን። ከሞራው ጀርባ ያለው የዓይን ክፍል ደኅና ቢሆን ኖሮ ከዚያ መብራት የሆነ ነገር ይታያት ነበር አለ። ካልታያት ሞራውን ማውጣት ዋጋ የለውም፣ እሷን ማንገላታት ብቻ ነው። ወንድሜ እጁን ጨብጦ አመሰገነው። መውጫው ላይ ለእናቴ ለስላሳ ገዛላት። በሚኒባስ ወደ ጎባ ስንመለስ ለስላሳውን እንደያዘች ነበር፤ ሳትከፍተው ቤት ደረሰች።

ከዚያ በኋላ እናቴ ገበያ የመመለሱን ነገር ተወችው። ቆርቆሮዎቹን ለጎረቤት አደለች። ሚዛኗን ከስልጤ ለመጣች ለአንዲት ወጣት ነጋዴ ሰጠቻት፣ መርቃ። እኔ ሚዛኑን እንኳ አስቀሪው ብዬ ተቆጣሁ። እሷ ግን ዕቃ በእጅ ካልተያዘ ይዝጋል አለች፤ ስለ ሚዛኑ ከዚያ ወዲያ አላነሳችም።

ዓመት ካለፈ በኋላ ደግሞ የእኔ ዓይን ተራው ደረሰ። ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቃተኝ። መነጽር ላሠራ ያው ሮቤ ሄድኩ፣ ያቺው ባለሙያ ገጠመችኝ። አላስታወሰችኝም። መነጽሬን ለክታ ስትጨርስ፣ ኪሷ ላይ መብራቷን አየሁና ደሜ ፈላ፤ ያቺ መብራት እናቴን ተስፋ ያስቆረጠች መብራት ናት። ለመሆኑ ምን ታደርጋለች ብዬ ጠየቅኋት፤ አጠያየቄም ደግ አልነበረም።

እሷ ግን ቅር አላላትም። በዓይናችን ጀርባ የደም ሥሮች አሉ፣ ሁልጊዜም ጥላቸውን ይጥላሉ አለችኝ። ጥላው ግን ከቦታው ስለማይነቃነቅ ዓይናችን ለምዶታል፣ ከለመደውም አያሳየንም። ብርሃኑ ባልተለመደ በኩል ገብቶ ሲወዛወዝ ጥላውም ይወዛወዛል፤ ያን ጊዜ ሰው የገዛ ዓይኑን የደም ሥር ያያል። ሞራ የጋረደው ዓይን እንኳ ጀርባው ጤነኛ ከሆነ ብዙ ጊዜ ያየዋል። ይሄን ካለች በኋላ ዓይንሽን ጨፍኚ አለችኝ።

መጀመሪያ ቀይ ጨለማ ብቻ ነበር። ከዚያ ድንገት መጣ። የሮቤ ሜዳ ስንዴው ከታጨደ በኋላ፣ ዋልካው፣ ያ ጥቁር አፈር፣ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ ታውቁታላችሁ፤ እንደዚያ ነበር፣ ስንጥቁ ግን ቅርንጫፍ እያወጣ፣ ቅርንጫፉ ሌላ ቅርንጫፍ እያወጣ። መብራቱ ሲቆም ጠፋ፣ ሲንቀሳቀስ ተመለሰ። ዕድሜዬን ሙሉ ከፊቴ ተዘርግቶ ኖሯል። ደነገጥኩ፣ ደስም አለኝ። ባለሙያዋ ምን አየሽ አለችኝ፤ ስነግራት ሳቀች። አንቺ ካልነገርሽኝ እኔ የማየው ነገር የለኝም አለች። ይሄን ሥዕል ከባለቤቱ በቀር ማንም ሊያየው አይችልም፤ ስለዚህ ባለቤቱን አጥብቀን እንጠይቃለን አለችኝ።

ጎባ ስደርስ ለእናቴ አወራኋት። ለጨዋታ ነው ያወራሁት፤ ቀኑን ብቻዋን ስለምትውል ከውጭ ያየሁትን ሁሉ ይዤላት መግባት ልማዴ ነበር። ዋልካው እንዴት እንደተሰነጠቀ፣ ቅርንጫፉ እንዴት እንደሚጠፋና እንደሚመለስ ነገርኳት። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤

"እኔ ደግሞ ወንዝ ነው የመሰለኝ። ከሐረና አፋፍ ቁልቁል ስታዪው፣ ወንዞቹ ከየአቅጣጫው እየቀጠኑ መጥተው አንድ ቦታ ይገናኛሉ። እንደዚያ ነበር።"

መቼ ነው ያየሽው አልኳት። ያን ቀን ነዋ አለች።

የሆነው ነገር ወዲያው አልገባኝም። ሲገባኝ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። አይታለች። ዓይኗ ከሞራው ጀርባ ደኅና ነበር። ሐኪሙ የሚጠብቀውን መልስ በአፏ ይዛው ነበር። ታዲያ ምን ነክቶሽ አልተናገርሽም ብዬ ጮህኩባት።

"ወንድምሽ ምንም አይታያትም አለ" አለችኝ። "ከዚያ ወዲያ አያለሁ ብል፣ በሰው ፊት ልጄን ውሸታም ላድርገው?"

ገበያ ሙሉ ሰው አፉን የሚይዝላት ሴት፣ ለአንድ ስኒ ማር ግማሽ ቀን የምትከራከር ሴት፣ ዓይኗን ያህል ነገር በዝምታ ሰጠች። ለከረባቱ ክብር ብላ። በእሱ ብቻ አይደለም የተናደድኩት፤ በእሷም፣ ድንኳን ውስጥ ሕፃን አቁመው አባወራ ባደረጉት ሽማግሌዎችም ተናደድኩ። እነሱ ሁሉም ሞተዋል፤ የሾሙት ግን አልወረደም።

በማግስቱ ወንድሜ ቢሮ ሄድኩ። ባለጉዳይ አስወጥቶ አስቀመጠኝ። የሆነውን ነገርኩት፣ እናቴ መታከም ትችላለች፣ እንደገና ትታይ አልኩት። ፊቱ ጠቆረ። እኔ እያለሁ፣ በዓይኔ እያየሁ ነው የተጠየቀችው፣ ምንም አላለችም አለኝ። የደም ሥሩን ወሬ አንቺ ሄደሽ ነገርሻት፣ አሮጊት ናት፣ የነገሯትን አየሁ ትላለች አለኝ። እኔ ስለ ወንዝ አንዲት ቃል እንዳልተነፈስኩ፣ ወንዙ የራሷ ቃል እንደሆነ ለማስረዳት ሞከርኩ። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ተስፋ ሰጥተሽ ልትገያት ነው ሲለኝ ከወንበሬ ተነሣሁ፤ ያን ቀን ጋሼ ሳልለው ወጣሁ።

ብቻዬን ልውሰዳት አልኩ። እሷ እምቢ አለች። ያለ ወንድምሽ ቡራኬ ቢላዋ ዓይኔን አይነካም አለችኝ። ብለምናት ብቆጣት ከዚያ ቃል ንቅንቅ አላለችም። ክረምቱ እንዲሁ አለፈ። ጎባ ዝናብና ጭጋግ ብቻ ነበረች። እናቴ ከቅንድቧ በላይ ይወጋኛል፣ ግንባሬን ይዞኛል ማለት ጀመረች። ብርድ ነው አልኳት፣ በጋቢ ጠቀለልኳት። ጎረቤቶችም ብርድ ነው አሉ። አንዳንድ ጠዋት ሕመሙ ያስመልሳት ነበር፤ እሱንም ጨጓራ ነው አልነው።

የስንዴ አጨዳ ሲጀመር የእድሩ ሰዎች ገቡበት። ሁለታችንንም አስቀምጠው ገላገሉን። ወንድሜ በመጨረሻ እሺ አለ፣ አንድ ነገር ግን አስጠነቀቀ፤ እሱ ባለበት ትጠየቅ፣ ከአፏ ይስማ። እኔም በደስታ ተቀበልኩ። ማን እንደዋሸ ይለይ አልኩ፣ በእናቴ ፊት ነው ያልኩት። እሷ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀምጣ ነበር። ከሁለታችንም ማንም አንቺስ ምን ትያለሽ አላላትም።

ሮቤ ስንደርስ ሐኪሙ መጀመሪያ የዓይኗን ግፊት ለካ፤ ፊቱ ተለወጠ። ግፊቱ በጣም ከፍ ብሏል አለን። ሞራው ሲያረጅ እንዲህ ያደርጋል፣ ያ ሕመም ከዚሁ ነው። ግፊቱ ለብዙ ጊዜ ቆይቶ ከሆነ ከኋላ ያለውን ነርቭ በልቶት ይሆናል አለ። ከበላው በኋላ ሞራው ቢወጣ ሕመሙን ያስታግሣል እንጂ ዓይን አይመልስም። አሁንም የሚታያት ከሆነ ግን ተስፋ አለ፣ ዛሬ ነገ ሳንል እንሠራታለን። ከዚያ ያቺን ባለሙያ ጠራት። እሷ እኛን አይታ አሁን አስታወሰችን። ወንድሜን በሩ ጋ፣ እኔን ከጎኑ አቆመችንና፣ ዛሬ ከእማማ በቀር ማንም እንዳይናገር አለች። ወንድሜ ጫማው ሲሚንቶውን እያፋጨ ቆመ።

መብራቷን አስቀመጠች። ወዲያ፣ ወዲህ። ጠየቀቻት። እናቴ ብዙ ቆየች፤ ክፍሉ ውስጥ ከውጭ ከሚሰማው የባጃጅ ድምፅ በቀር ምንም አልነበረም። ባለሙያዋ ደግማ፣ በዝግታ ጠየቀቻት።

"ነን አርጋ" አለች እናቴ በኦሮምኛ። አያለሁ ማለቷ ነው። ድምፅዋ ለስላሳ ነበር። ቀጥላም በአማርኛ፣ "እንደ ተሰነጠቀ ዋልካ ነው። ቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ያለው። ይጠፋል፣ ይመለሳል።"

ወደ ወንድሜ ዞርኩ። አንገቱን ደፍቶ ነበር። የደስታዬ ምክንያት የእናቴ ዓይን ብቻ ነበር ብል እዋሻለሁ፤ ግማሹ ያ አንገት ነበር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱ ተሳስቶ፣ እኔ ልክ ሆኜ፣ እናታችን በሰው ፊት ያንን ተናገረች። ልቤ በዚያ ስለተሞላ ሌላ ነገር አልሰማሁም። ዋልካው የማን ቃል እንደነበር ትዝ ያለኝ ዘግይቶ ነው።

ግፊቱን በመድኃኒት አውርደው አንዱን ዓይኗን ሠሩላት። በነጋታው ፋሻው ሲነሣ ሁላችንም ነበርን። ያ ነጭ መጋረጃ ጠፍቶ የድሮ ዓይኗ ነበር የተመለሰው፤ ጥቁር፣ ጥርት ያለ፣ ልክ ገበያ ላይ ሰው የምትመዝንበት ዓይን። ወንድሜ አለቀሰ። እናቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፣ እግዚአብሔር ይመስገን አለች፣ አለቃቀሱን ሰምታ ወደ ወንድሜ ዞራ ፈገግ አለች። ሐኪሙ ጣቶቹን አሳያት። ሁለት አለች። አራት ነበሩ። ደግሞ አሳያት። ሁለት አለች።

አሁን ሞራው ስለሌለ ሐኪሙ የዓይኗን ጀርባ ማየት ቻለ። ረጅም ጊዜ ተመለከተ። ኮሪደር ላይ አውጥቶ ነገረን። ነርቩ ነጭ ሆኗል፣ የሞተ ነው፣ ከሞተም ሳይቆይ አልቀረም። ሌላውም ዓይን ከዚህ የተለየ አይሆንም። ከዚያ ግራ በመጋባት፣ ቅርንጫፍ እንዴት እንዳዩ አልገባኝም አለ። ወንድሜ ወደ እኔ አየ። በዚያ አስተያየቱ ውስጥ የድሮው አፈ ጉባኤ ተመልሶ ሲቀመጥ ታየኝ።

ጎባ ከተመለስን በኋላ አንድ ከሰዓት፣ ካልተሠራው ዓይኗ ሕመም ትንሽ ፋታ አግኝታ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ሳለ፣ አጠገቧ ሄጄ ቁጭ አልኩ። አላየሽም ነበር አይደል አልኳት።

"የመጀመሪያው ቀን አይቻለሁ" አለች። "በኋላ ድቅድቅ ጨለማ ነበር።"

ታዲያ ለምን አየሁ አልሽ አልኳት።

"ሁለታችሁም በሩ ጋ ቆማችሁ ነበር። አይታየኝም ካልኩ አንቺ ታፍሪያለሽ። ወንድምሽ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሰምቶታል። አንድ ቀን እንኳ ላንቺ ይሁን ብዬ ነው።"

ምን እንደተሰማኝ በአንድ ቃል ልናገር አልችልም። ወደድኳት፣ ጠላኋትም። ያልጠየቅኋትን ስጦታ፣ በማይመለስ ዋጋ ሰጠችኝ፤ ከእንግዲህ የመጀመሪያውን ቀን እውነቷን ማንም አያምንም። ራሷን በአሉታ ብትነቀንቅ ኖሮ፣ አይታየኝም ብትል ኖሮ፣ ማፈሬን እችለው ነበር፤ ከዚህ የባሰ አፍሬ አውቃለሁ። ይሄንን ልነግራት አፌን ስከፍት እጄን ያዘችው። የመጀመሪያውን ቀን ማየቴን ለወንድምሽ ደግመሽ እንዳታነሺበት አለችኝ። አሁን የአሮጊት ወሬ ነው ብሎ ረስቶታል። እውነት መሆኑን ያወቀ ቀን፣ ዓይኔን ያጠፋው የሱ አፍ መሆኑን ያወቀ ቀን፣ ልጄ አይቆምም፣ ይወድቃል አለች። ማይልኝ አለች። ማልኩላት።

ባለፈው ጥቅምት ጎረቤታችን የልጅ ልጃቸውን ክርስትና አስነሱ። ሰው ከሮቤም ከጎባም ተሰብስቦ ነበር። እናቴን ይዤ ገብቼ ከሴቶቹ መሐል አስቀመጥኳት፣ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጠላው ሲዞር አንዲት የእድር ሴት ስለ እናቴ ዓይን ጠየቀች። ሕክምናው እንዴት ሳይሆን ቀረ አለች። የጠየቀችው እናቴን ነበር፤ ከወዲያ ማዶ የመለሰው ወንድሜ ነው። እኔ ከመጀመሪያው ቀን ምንም አይታያትም ብዬ ነበር አለ። ከዓመታት በፊት የሞተ ዓይን ነው፣ ሐኪሙም አረጋግጧል፣ እህቴ ናት ተስፋ ሰጥታ ያንገላታቻት፤ በክፋት አይደለም፣ ባለማወቅ ነው አለ። ድምፁ ደግ ነበር። ይቅርታ ያደረገልኝ ሰው ድምፅ ነበር።

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የጠየቀችው ሴት፣ እውነት ነው እንዴ አንቺ፣ ከድሮም አይታያቸውም ነበር አለችኝ። መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። እናቴ የማታይ ዓይኗን ፊት ለፊት ተክላ፣ ከነጠላዋ ስር ጉልበቴን ጨብጣ ይዛ ነበር።

"አዎ" አልኩ። "ከድሮም አይታያትም ነበር።"

እጇ ላላ። ወንድሜ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀና ወደ ሌላ ጨዋታ ገባ።